ጥለቱ የት ነው የሚያርፈው? ለበዓል ቀሚስ ስንመርጥ

እንደምን ዋላችሁ እህቶቼ፣ እናቶችም መጥታችኋል፣ እንኳን ደህና መጣችሁልን። በዚህ ዝናብ ከቤት ወጥታችሁ መምጣታችሁ በጣም ደስ ብሎኛል። የተጠራሁት ስለ ዘንድሮ የበዓል ልብስ እንዳወራችሁ ነው፣ ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል ምን አዲስ ነገር ወጣ፣ የቱ ለማን ያምራል የሚለውን። ሽሮ ሜዳ አካባቢ ትንሽ የስፌት ቤት አለኝ፣ የሀበሻ ቀሚስ መስፋት ከጀመርኩ 22 ዓመት ሆኖኛል፣ ስለዚህ የማወራችሁ መስታወት ፊት ቆሜ በአይኔ ያየሁትን ነው።

ነሐሴ ከገባ ጀምሮ ስልኬ ፎቶ በፎቶ ነው። ከቲክቶክ የተወሰደ አለ፣ ከቴሌግራም ቻናል የተላከ አለ፣ የሰው ሰርግ ላይ የተነሳ አለ፣ ከስሩ "ይሄን በኔ ልክ" ይላል፣ በቃ ይሄው ነው። ቁመቷ ስንት እንደሆነ የለም፣ ትከሻዋ የለም፣ ለቤተክርስቲያን ትልበሰው ለእራት ግብዣ የለም። ፎቶ ላይ ያለችው ልጅ ደግሞ ብዙ ጊዜ ረጅም ናት፣ ቀጭን ናት፣ ከስር ታኮ አድርጋለች፣ ቀሚሱም ከጀርባ በመርፌ ቁልፍ ተይዞላታል፣ እሱን ፎቶው አያሳያችሁም። እኔም ድሮ ፎቶውን ተቀብዬ እሺ ብዬ እሰፋ ነበር።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከብዙ ዓመት በፊት፣ ጥር ላይ፣ ለእህቷ ሰርግ የምትለብሰው ያሰራች ደንበኛ ነበረችኝ። አጠር ያለች፣ ደረቷ ሞላ ያለ፣ ፊቷ የሚያበራ ቆንጆ ሴት። ፎቶ አመጣች፣ ከጉልበት ጀምሮ እስከ መሬት ድረስ ሰፊ አረንጓዴና ወርቃማ ጥለት የዞረበት ቀሚስ፣ ያኔ ፋሽኑ እሱ ነበር፣ ጥለቱ በሰፋ ቁጥር ቀሚሱ ውድ ነው የሚባልበት ጊዜ። ልክ እንደ ፎቶው ሰፋሁላት። የመጨረሻው ፕሮቫ ቀን ለብሳ መስታወት ፊት ቆመች፣ ዝም አለች፣ ከዛ ቀስ ብላ "ወፍሬ ነው አይደል?" አለችኝና እንባዋ መጣ። እሷ ልኳን ከወሰድኩበት ቀን ጀምሮ አንድ ሳንቲም አልጨመረችም እኮ! ስፌቱም እንከን አልነበረውም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ሴትየዋን ሳላይ ፎቶውን አየሁ። ያ ሰፊ ጥለት ጉልበቷ ላይ ሲደርስ ለሁለት ነው የቆረጣት፣ ከላይ ደረት ከታች ጥለት፣ መሀል ላይ እግሯ የት እንደገባ አይታወቅም።

ሁለት ሌሊት ቁጭ ብዬ ፈታሁት። ጥለቱን ከታች አነሳሁትና አጠበብኩት፣ ከአንገቷ ጀምሮ መሀል ለመሀል ቀጥ አድርጌ እስከ ታች አወረድኩት፣ ትርፉን እጅጌው ጫፍ ላይ አደረግኩት። ያው ጨርቅ ነው፣ ያው ክር ነው፣ ሴትየዋም ያችው ናት። ሁለተኛ ለብሳ ስትቆም ጀርባዋ ቀጥ አለ፣ ዞር ብላ ራሷን ከጎን አየች፣ ከዛ ሳቀች። ከዛን ቀን ጀምሮ ደንበኛ ቤቴ ስትገባ መጀመሪያ የምጠይቃት ምን ፋሽን ፈለግሽ ብዬ አይደለም፣ ጥለቱ ያንቺ ሰውነት ላይ የት እንዲያርፍ ነው የምትፈልጊው ብዬ ነው። ዛሬም የመጣሁት ይሄን አንድ ነገር ልነግራችሁ ነው፣ የቀረው ሁሉ ከሱ ነው የሚመጣው።

የሀበሻ ልብስ ከሌላው ልብስ የሚለየው እኮ ጨርቁ ነጭ መሆኑ ነው። ነጭ ሜዳ ላይ አንድ ባለ ቀለም መስመር ስታስቀምጡ የሰው አይን ወዴት ይሄዳል? መስመሩ ላይ። መስመሩ ወደ ታች ከወረደ አይን ከላይ እስከ ታች ይወርዳል፣ ሰውየዋ ትረዝማለች። መስመሩ ዙሪያውን ከዞረ አይን እዛው ይቆማል፣ የቆመበት ቦታ ሰፍቶ ይታያል። አበባ ያለበት፣ ብዙ ክር የገባበት የሰውነት ክፍል ነው መጀመሪያ የሚታየው። ይሄን እናቶቻችን ያውቁታል እኮ፣ ነጠላን አስቡት። ለበዓል ጥለቱ ወደ ታች ይወርዳል፣ ለሐዘን ደግሞ ተገልብጦ ጥለቱ ወደ ላይ፣ ወደ ፊት ይወጣል። ሰው ከሩቅ ጥለቱን አይቶ ይቺ ሴት ደስታ ላይ ናት ወይ ሐዘን ላይ ናት ይላል። ጥለት የሚቀመጥበት ቦታ ድሮም ትርጉም ነበረው ማለት ነው፣ እኛ ነን አሁን ላይ ቦታውን ረስተን ስፋቱንና ብልጭልጩን ብቻ የምናየው።

እሺ ወደ ሰውነት እንምጣ። አጠር ያላችሁ ሰዎች፣ ከ1 ሜትር ከ60 በታች የሆናችሁ እንበል፣ ታች ያለውን ጥለት አጥብቡት፣ አራት ጣት በቂ ነው፣ መሀል ለመሀል የሚወርደውን አስረዝሙት። መሀል ለመሀል የሚወርደው ደግሞ እስከ ወገብ ብቻ መጥቶ እንዳይቆም፣ ብዙ ሱቅ ያለው ልብስ ወገብ ላይ ነው የሚቆመው፣ እሱ ግማሽ ስራ ነው፣ እስከ ታች ይውረድ። ረጃጅሞች ተቃራኒው ነው፣ እናንተ ላይ ሰፊ ጥለት ያምራል፣ ሁለት ሶስት ዙር ብታደርጉም ይሸከመዋል፣ ቁመታችሁ ቦታ አለው። ዳሌዋ ሰፋ ያለ ትከሻዋ ጠበብ ያለ ሴት ብዙ ናት እዚህ አገር፣ ለሷ ስራውን ወደ ላይ ነው ማምጣት፣ አንገት ዙሪያ፣ ትከሻ ላይ፣ እጅጌ ላይ ጥልፍ፣ ከወገብ በታች ደግሞ ጸጥ ያለ ነጭ ከቀጭን ጥለት ጋር። ደረቷ የሞላ ሴት የጎንደር ጥልፍ ደረቷ ላይ ሰፋ አድርጋ ስታሰራ አይን እዛው ይቀራል፣ ጥልፉን አልከለክልም፣ ግን ይጥበብና ወደ ታች ይርዘም፣ አንገቱም ቪ ይሁን እንጂ ጉሮሮ ድረስ አይዘጋ።

ሆድ። ይሄን ማንም ጮክ ብሎ አይጠይቅም፣ ፕሮቫ ላይ ግን ሁሉም ጆሮዬ ላይ ነው የሚነግረኝ። እህቶቼ፣ ወልዳችኋል፣ አርግዛችኋል፣ ኖራችኋል፣ ሆድ አለ፣ ምንም ነውር የለውም። ሆድን የሚያሳየው ልብስ ጠባቡ ብቻ አይደለም፣ በጣም ሰፊውም ያሳያል፣ ምክንያቱም ከደረት ላይ የተንጠለጠለ ሰፊ ጨርቅ ከሆድም ከጀርባም ርቆ ስለሚቆም መላ ሰውነታችሁን በደረታችሁ ልክ ነው የሚያደርገው። መፍትሄው መቀነት ነው። ግን መቀነቱን ሆድ ላይ አትሰሩት፣ ከጡት በታች፣ የጎድን አጥንት የሚያልቅበት ላይ፣ ሆድ ላላት ለብዙ ሴት ቀጭኑ ቦታ እሱ ነው። መቀነቱ እዛ ላይ ሲታሰር ከሱ በታች ጨርቁ በሽንሽን ይወርዳል፣ ሆዱን አልፎ ይሄዳል። መቀነቱ ደግሞ ባለ ብዙ ቀለም ከሆነ በጣም ቀጭን ይሁን፣ ሰፋ ያለ ከወደዳችሁ የጨርቁ ቀለም ያለው ይሁን። ጫፉን ከጎን አስራችሁ አንጠልጥሉት፣ እሱም አንድ ተጨማሪ ወደ ታች የሚወርድ መስመር ነው።

አሁን ዘንድሮ ምን አለ የሚለው። ሽሮ ሜዳ ወጥታችሁ ካያችሁ በየሱቁ የተሰቀለው ኮርሴት ነው። ከላይ እንደ ኮርሴት ጠበቅ ብሎ ከኋላ በገመድ የሚታሰር፣ ከታች የሚበተን ወይም መርሜድ የሚሉት እስከ ጉልበት ጠብቆ ከዛ የሚከፈተው። ቆንጆ ነው፣ ወገብ ላላት ሴት በጣም ያምራል፣ አልዋሽም እወደዋለሁ። ግን የእጅ ሽመና ጨርቅ ውጥረት አይወድም። ክሩ ላላ ተደርጎ ነው የሚሸመነው፣ ለዛ ነው ለስላሳ የሚሆነው፣ ስታጠብቁት ስፌቱ ጋ ክሩ ይሸሻል፣ በዓሉ ሳያልቅ ጎኑ ላይ ቀዳዳ ቀዳዳ ይሆናል። ስለዚህ ኮርሴት የምታሰሩ ሰፊያችሁን ጠይቁት፣ ከውስጥ ጠንካራ ገበር አለው ወይ፣ ስፌቱ ውጥረቱን የተሸከመው በገበሩ ነው ወይስ በጥበቡ ጨርቅ? ገበሩ ጠብቆ ጥበቡ ከላይ ዝም ብሎ ካረፈ ዓመታት ትለብሱታላችሁ። ሌላው ደግሞ ቁጭ ብላችሁ ሞክሩት። በዓል ላይ እኮ ቆመን ፎቶ ብቻ አይደለም የምንነሳው፣ ቡና እናፈላለን፣ ረከቦት ጋ ዝቅ እንላለን፣ ልጅ እናነሳለን፣ ዶሮ ወጥ እንጀራ በልተን ሆዳችን ይነፋል፣ ቁጭ ብላችሁ መተንፈስ ካልቻላችሁ ያ ልብስ ለናንተ ቀን አልተሰራም።

ኬፕም አለ ዘንድሮ፣ ከትከሻ ላይ ተነስቶ እንደ ክንፍ የሚወርደው። ክንዳቸውን ማሳየት ለማይወዱ፣ ለእናቶች፣ ለሚዜዎች ጥሩ ነገር ነው፣ እንደኔ ከዘንድሮው ሁሉ ለብዙ ሴት የሚሆነው እሱ ነው። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ፣ ኬፑ የሚያልቅበት ቦታ ራሱ መስመር ነው። ክንዳችሁ በጣም የሚወፍርበት ላይ ካለቀ ያንኑ ነው የሚያሳየው፣ ወይ ከክርን በታች ይውረድ ወይ እስከ እጅ አንጓ ይድረስ። ኬፕ ካለ ደግሞ ነጠላ ላዩ ላይ አትደርቡ፣ ትከሻ ይጠፋል።

አጭር ቀሚስ፣ ከጉልበት ከፍ ያለ፣ ከስኒከር ጋር፣ ወጣቶቹ ይወዱታል። ይልበሱት፣ ለልደት፣ ለጓደኛ ግብዣ፣ ለቢሮ የበዓል ዋዜማ ያምራል። ለቤተክርስቲያን ሌላ አዘጋጁ፣ ይሄን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የአጭር ቀሚስ ጫፍ ባታችሁ በጣም የሚወፍርበት ላይ አይለቅ፣ ወይ ከጉልበት አጥንት ልክ በላይ ወይ ከባት በታች ወደ ቁርጭምጭሚት ቀረብ ይበል፣ መሀል ላይ ያለው ነው እግርን የሚያሳጥረው።

ልቅ ያለው፣ ከትከሻ ቀጥ ብሎ የሚወርደው አይነትም እየተመለሰ ነው። ሞዴሏ ሊያ ከበደ በፈረንጆቹ 2007 ለምለም የሚለውን ብራንድ ስትጀምር የኛን ሸማኔዎች ስራ ነው ይዛ የወጣችው፣ ልብሶቹ ቀለል ያሉ ናቸው፣ ጥለቱ እንደ ቀጭን መስመር ነው የሚሄደው፣ ዓለም ያንን ወደደው። እኛ ጋ ግን ልቅ ከሆነ የቤት ልብስ ይመስላል ተብሎ ይናቃል። እኔ ግን እላችኋለሁ፣ ትከሻው ልክ ከሆነ ልቅ ቀሚስ የቤት ልብስ አይመስልም። የትከሻው ስፌት የትከሻችሁ አጥንት ላይ ማረፍ አለበት፣ አንድ ጣት ወደ ክንድ ከወረደ የሰው ልብስ ይመስላል። ትከሻን ካስተካከላችሁ የቀረውን ጨርቁ ራሱ ያስተካክለዋል።

ሽፎን ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ከሁሉም ጥያቄ የሚበዛው እሱ ነው። በማሽን ጥበብ የታተመበት ሽፎን ርካሽ ነው፣ ቀለሙ ብዙ ነው፣ ታጥቦ ቶሎ ይደርቃል፣ ለልጆችና ለቤተሰብ ማቺንግ ስታስቡ ኪስ አይጎዳም። አልነቅፍም፣ የሰው አቅም ይለያያል። ግን ምን እንደምትገዙ እያወቃችሁ ግዙ፣ አንዳንድ ሱቅ በሽመና ዋጋ ነው የሚሸጠው፣ ይሄ በጣም ያናድደኛል። ጨርቁን ገልብጡት። ሽመና ከሆነ ጥበቡ ከጀርባም ክሩ ይታያል፣ በጣታችሁ ስትዳስሱት ከፍ ዝቅ ይላል። ህትመት ከሆነ ጀርባው ደብዛዛ ነው፣ ለጥ ያለ ነው። ካልተማመናችሁ ከጫፉ አንድ ክር ምዘዙና ውጪ ወጥታችሁ ክብሪት አስነኩት፣ ጥጥ እንደ ወረቀት ሸቶ አመድ ይሆናል፣ ፖሊስተር ደግሞ ይቀልጥና ጠንካራ እንክብል ይሆናል። ይሄን ሻጭ ፊት ስትጠይቁ ብቻ ብዙው ዋጋ ይወርዳል።

አለባበስ ላይ ደግሞ ሽፎን እግር ላይ ይጣበቃል፣ ስትራመዱ ጭናችሁ መሀል ይገባል፣ ያለ ገበር አይለበስም። ጥጥ ግን ከሰውነት ራቅ ብሎ ይወርዳል፣ ላብ ይጠጣል፣ መስቀል ደመራ ላይ ረፋድ ጀምሮ እስከ ማታ ቆማችሁ ልዩነቱን ታውቁታላችሁ። ሞላ ላለ ሰውነት ከሽፎን ይልቅ ሽመና ነው የሚያምረው፣ ይሄ ዝም ብዬ አገሬን ስለምወድ የምለው አይደለም፣ ጨርቁ ክብደት ስላለው ቀጥ ብሎ ስለሚወርድ ነው።

የገበር ነገር ሲነሳ፣ ነጭ ቀሚስ ስር ነጭ ገበር ወይም ነጭ የውስጥ ልብስ ስታደርጉ ከውጪ ይታያል፣ ብዙ ሰው ይሄን አያምንም፣ ቤታችሁ ሞክሩት። ወደ ቆዳችሁ ቀለም የተጠጋ ነው የማይታየው። ፀሐይ ፊት ቁሙና ሌላ ሰው ከጀርባ ይያችሁ፣ የሱቅ መብራት ይደብቃል።

ቀለምም እንደዛው ነው። ሱቆቹ አሁን ላይ ያ ነጭ ኃይለኛ መብራት ነው ያላቸው፣ ክሩ ሁሉ ያብለጨልጫል፣ ቤት ስትደርሱ ሌላ ልብስ ነው። ጨርቁን ይዛችሁ በር ላይ ውጡ፣ አገጫችሁ ስር አድርጉት፣ በቀን ብርሃን መስታወት እዩ። ፊታችሁ ከጨርቁ ቀድሞ ከታየ የናንተ ነው፣ ጨርቁ ቀድሞ ከታየ መልሱት። ነጩ ራሱ አንድ አይነት አይደለም እኮ፣ በእጅ የተፈተለ ጥጥ ክሬም የሚል ነጭ ነው፣ የፋብሪካው ክር ደግሞ ወደ ሰማያዊ የሚሄድ ነጭ ነው፣ ፊታችሁ ላይ ሲያርፉ ይለያያሉ። ዘንድሮ ሙሉ ለሙሉ ባለ ቀለም ቀሚስም ወጥቷል፣ ጥቁር አረንጓዴ፣ ወይን ጠጅ፣ ጥቁርም አለ። እና ይሄን ስል ከልቤ ነው፣ "አንቺ ጠቆር ስላልሽ ቢጫ አይሄድብሽም" የሚባለውን ነገር እባካችሁ ከቤታችን እናውጣው። ስንት ቆንጆ ልጅ መስከረም ላይ፣ አደይ አበባ አገሩን ሞልቶት፣ ቢጫ ጥለት እያማራት አክስቷ ስለከለከለቻት ግራጫ ይዛ ትሄዳለች። ጠይም ቆዳ ላይ ቢጫ እንደሚያበራ እኔ በየዓመቱ እያየሁት ነው። የሚያስቸግረው የደበዘዘው፣ ቆሸሽ ያለ የሚመስለው ቢጫ ነው፣ ደማቁ አይደለም።

አሁን የሸማኔውን ነገር ልንገራችሁ ምክንያቱም ጥለቱ የት ይረፍ የሚለው የሚወሰነው እኔ ቤት አይደለም፣ እሱ ጋ ነው። ሽሮ ሜዳ ላይ ካሉት ሸማኔዎች ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ የመጡ ናቸው፣ ዶርዜም ጨንቻም፣ ሙያው ከአባት ወደ ልጅ ነው የሚሄደው። ድሩን ይወጥራል፣ ማጉን በመወርወሪያ ያስገባል፣ ጥበቡን በእጁ ክር በክር እየቆጠረ ነው የሚያስገባው። አንዴ ከሸመነ በኋላ ጥለቱ ጨርቁ ውስጥ ነው ያለው፣ እኔ በመቀስ ላንቀሳቅሰው እችላለሁ ግን ለእህቷ ሰርግ ላሰራችው ሴትዮ እንዳደረግኩት ቆርጦ መቀጠል ነው፣ ያምራል ግን ስፌት ይታያል። ስለዚህ የምታሸምኑ ከሆነ ቀድማችሁ ሰፊያችሁ ጋ ሂዱ፣ ልካችሁ ይወሰድ፣ ታች ያለው ጥለት ስንት ሳንቲም ይሁን፣ የመሀሉ ስንት ይርዘም ተብሎ በወረቀት ይጻፍ፣ ወረቀቱን ለሸማኔው ስጡት። ብዙ ሰው መጀመሪያ ጨርቁን ያሸምንና ከዛ ነው የሚመጣው፣ ሸማኔው ደግሞ የሚሸምነው ለማያውቃት ሴት ነው። የሽመና መደዳው ጠባብ ስለሆነ ሞላ ላለ ሰውነት ስንት ቁራጭ እንደሚያስፈልግ ቀድሞ ካልታሰበ መጨረሻ ላይ ጨርቅ ያጥራል፣ ከሌላ እጅ የተሸመነ ሲቀጠል ደግሞ ነጩ አይገጥምም። ለእንቁጣጣሽ አሁን አይደርስም፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሸማኔዎቹ ሁሉ ተይዘዋል፣ ማጣደፍም የሰው አይንና ጀርባ መጉዳት ነው። ለገናና ለጥምቀት ካሰባችሁ ግን መስቀል እንዳለፈ እዘዙ።

ውጪ አገር ላላችሁ እህቶች ለምትልኩም አንድ ነገር። ዲሲ ያለች፣ ዱባይ ያለች፣ ቴል አቪቭ ያለች እህታችሁ ልኳን በዋትሳፕ ትልካለች፣ እናንተ ታሰሩላታላችሁ፣ ሲደርሳት አይሆንም፣ መመለሻ የለም። ልኩን ስትወስድ በዓሉ ላይ የምታደርገውን ጡት መያዣ አድርጋ ነው፣ የምታደርገውን ጫማ አድርጋ ነው፣ ሌላ ሰው ይለካት፣ ራሷን ስትለካ ጎንበስ ስለምትል ይሳሳታል። ቁመቱን ከትከሻ በጡቷ ጫፍ ላይ አሳልፋ እስከ መሬት ትለካ፣ ከጀርባም ለብቻ ትለካ፣ ሁለቱ እኩል አይደሉም፣ ደረቷ የሞላ ሴት በጀርባ ልክ ከተሰፋላት ከፊት ቀሚሱ ከፍ ይላል፣ ጥለቱም ይዘማል። ዳሌ ሲለካ በጣም ሰፊው ቦታ ላይ ነው፣ ሜትሩ አይጠበቅ፣ እውነተኛውን ቁጥር ትላክ፣ እባካችሁ "እስከዛ እቀንሳለሁ" ብላችሁ አታሳንሱ፣ ሰፍቶ ከመጣ ማጥበብ ቀላል ነው፣ ጠቦ ከመጣ ግን ጨርቅ ከየት ይመጣል? ፎቶም ትላክ፣ ከፊት፣ ከጎን፣ ቀጥ ብላ ቆማ።

ቅድም ከኋላ አንዷ እህታችን በወረቀት ጠይቃለች፣ አራስ ነኝ፣ ለመስቀል ልጄን እያጠባሁ ምን ልልበስ ትላለች፣ እግዜር ያሳድግልሽ። መሀል ለመሀል የሚወርድ ጥለት አሰሪ፣ በጥለቱ ጠርዝ ስር የተደበቀ ዚፕ ከአንገት እስከ ወገብ ይግባልሽ፣ ማንም አያየውም፣ ሁለት ዚፕ በሁለቱ ጎን ብታደርጊ ደግሞ የበለጠ ይመችሻል። መቀነቱን ከጡት በታች አላላ አድርገሽ እሰሪ። ኮርሴት ይቆይሽ፣ ለሚቀጥለው ዓመት።

ሌላ ጥያቄ፣ "ዋጋው ጣራ ነክቷል፣ አዲስ ማሰራት አልችልም" ይላል፣ ስም የለውም፣ ግን ብዙዎቻችሁን ወክላ እንደጻፈችው አውቃለሁ። የድሮ ቀሚስሽን አምጪው። ቤታችን ውስጥ ተጣጥፎ የተቀመጠ፣ ጨርቁ ደህና የሆነ ፋሽኑ ያለፈበት ስንት ቀሚስ አለ፣ የእናቶቻችን ቀሚስ ደግሞ ፈትሉ ከዛሬው የበለጠ ነው። ታች ያለውን ሰፊ ጥለት አንስቶ ወደ መሀል ማምጣት ይቻላል፣ እጅጌውን ቆርጦ ኬፕ ማድረግ ይቻላል፣ ዙሪያውን ፔንስ ይዞ ወገብ ማውጣት ይቻላል፣ ከአዲስ በጣም ይቀንሳል። የጠቆረውን በረኪና አትንከሩ፣ ነጩ ቢመለስም የጥበቡ ቀለም ይሄዳል፣ ክሩም ይደክማል፣ በቀዝቃዛ ውሃ በለስላሳ ሳሙና እጠቡና ጥላ ስር አስጡት።

አንድ እናት ደግሞ ቅድም ሲገቡ ጆሮዬ ላይ ጠይቀውኛል፣ 60 አልፎኛል፣ ይሄ የምትሉት ለኔም ነው ወይ ብለውኛል። ለእርስዎማ ነው እንጂ! በዚህ እድሜ ቀሚስ ሁሉ ሰፊ፣ ጥለት ሁሉ ጠቆር ያለ ይሁን ያለው ማነው? ትከሻው ልክ የሆነ፣ እጅጌው እስከ አንጓ የደረሰ፣ መሀል ለመሀል ቀጭን ደማቅ ጥለት የወረደበት፣ ጫማውን የማይሸፍን ቁመት፣ እንዳይጠልፍዎ። ነጠላዎን ከቀሚሱ ጥለት አንዷን ቀለም ብቻ የያዘ ያድርጉት፣ ሁለቱም አንድ አይነት ሰፊ ጥለት ሲሆኑ ይጋጫሉ፣ ፊትዎ መሀል ይጠፋል።

እሺ፣ ቀሚስ ይዛችሁ ኑ ብያችሁ ነበር፣ ፌስታል የያዛችሁ አያለሁ። መስታወቱ እዛ መስኮቱ ጋ ነው ያስቀመጥነው፣ ብርሃን እንዲኖር። ሜትርና መርፌ ይዣለሁ፣ አንድ በአንድ ኑ፣ መጀመሪያ ጥለቱ የት እንዳረፈ እናያለን፣ መነሳት ያለበትን በመርፌ እይዝላችኋለሁ፣ ቤታችሁ ወይ ሰፊያችሁ ጋ ትጨርሱታላችሁ። እናትዬ፣ እርስዎ ይቅደሙ።